ከተጣላነው ሰው የመጣ እርዳታ የጸሎት መልስ ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ መምህር እንዴት ነዎት? ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። ባለቤቴ የቀን ሥራ ነበር የሚሠራው፣ ከጥር ጀምሮ ግን ሳይቱ ቆመ፣ አሁን የ2 ወር የቤት ኪራይ አለብን። በራችንን ክፈትልን ብዬ ለቅዱስ ሚካኤል ተስዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከመሐል ሜዳ 1 ኩንታል ገብስ በአይሱዙ ጭኖ ላከልን። ከሱ ጋር በአባታቸው መሬት ተጣልተን 4 ዓመት ሙሉ ሰላም አንባባልም። ባለቤቴ አይነካም ብሎ ኩንታሉ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ይሄ የጸሎቴ መልስ ነው ወይስ ፈተና? ስለቴንስ ላስገባ? ጓደኛዬ ደግሞ እግዚአብሔር ከሰጠ በተአምር ነው የሚሰጠው፣ ከሰው አትጠብቂ ትለኛለች።

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ገብሱን ወደ ቤት አስገቢው፣ ሌላውን ከዛ በኋላ እናወራለን። የደብረ ብርሃንን ሌሊት ታውቂዋለሽ፣ ልጆች ቤት ውስጥ እየራባቸው እህል በረንዳ ላይ ውርጭ ሊመታው አይገባም።

ነቢዩ ኤልያስን እስኪ አስቢው። በንጉሥ አክዓብ ዘመን ዝናብ ሲቆም እግዚአብሔር ወደ ኮራት ፈፋ ላከውና እዛ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት የነበሩት ቁራዎች ናቸው። ቁራ ደግሞ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ርኩስ ከተባሉት ወፎች አንዱ ነው፣ እስራኤላዊ የማይበላው የሚጸየፈው ወፍ፣ እና ነቢዩ የበላው ከዛ ወፍ አፍ የተቀበለውን ነው። ጌታ ርግብ መላክ አቅቶት ነው? ከዛ ፈፋው ሲደርቅ ወዴት ላከው፣ ሰራፕታ፣ የሲዶና አገር፣ ልታስገድለው የምትፈልገው የአክዓብ ሚስት የኤልዛቤል አገር ማለት ነው፣ ያውም አንድ እፍኝ ዱቄት ወደቀራት ባልቴት። ጌታም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 4 በእስራኤል ብዙ መበለቶች ነበሩ፣ ኤልያስ የተላከው ግን ወደዚች ነው ብሎ ሲናገር የሰሙት ሰዎች ተቆጡ። ለምን መሰለሽ፣ እኛ ስንጸልይ እንጀራውን ብቻ አይደለም የምንለምነው፣ ማን ይዞት እንደሚመጣም በልባችን መርጠን ነው።

እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ መንዝ ውስጥ ቅኔ ስቆጥር፣ ሐምሌ ነው፣ ጉሙ ፊትሽን አያሳይም፣ 3 ቤት በእንተ ስማ ለማርያም ብዬ ሁሉም እግዜር ይስጥህ ብለው ሸኙኝ። አኩፋዳዬ ባዶ ነው፣ ደበሎዬ ውሃ ጠጥቶ ከብዶኛል። አንዲት እናት ነበሩ፣ ንፉግ ናቸው ውሻቸውም ክፉ ነው እየተባለ ተማሪ የማይጠጋቸው፣ እኔም ፈልጌ ሳይሆን በጉሙ መንገድ ጠፍቶኝ ነው ደጃቸው የደረስኩት። ውሻውን በእንጨት አባረሩልኝ፣ ደበሎዬን ገፈው እሳቱ ዳር ሰቀሉት፣ ከምጣድ የወጣ የገብስ ቂጣ ተልባ ቀብተው በእጄ ሰጡኝ። እስካሁን ያ የሚጤሰው የበግ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬ ላይ አለ። ያን ቀን ጠዋት የጸለይኩት'ኮ ሌሎቹ 3 ቤቶች እንዲሰጡኝ ነበር፣ እሳቸውንማ አንዴም በጸሎቴ አንስቻቸው አላውቅም።

ጓደኛሽ ክፉ አስባ አይደለም የተናገረችው፣ ግን ተአምርንና ሰውን ለያይታ ነው ያየችው። ባሏ ሞቶባት አበዳሪው ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ የመጣባትን ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ ምንድነው ያላት? በቤትሽ ምን አለሽ ብሎ ጠየቃት፣ ከዛ ከጎረቤት ባዶ ማድጋ ተዋሺ አላት። ዘይቱ በተአምር ነው የበዛው፣ ማድጋው ግን የጎረቤት ነው፣ እና ማድጋው ሲያልቅ ዘይቱም ቆመ። የኛዋ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት እናት እግዚእ ኀረያም እዚሁ ቡልጋ ኢቲሳ ላይ በረሃብ ጊዜ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል የምታዘክርበት አጥታ ስታለቅስ፣ ሕፃኑ ተክለ ሃይማኖት እጃቸውን ያገቡት እዛው ቤት የቀረችው ትንሽ ዱቄት ውስጥ እንደሆነ፣ ዱቄቱም እንደበዛ ገድላቸው ይናገራል።

ኤልሳዕ በመጨረሻ ዘይቱን ሽጪና ዕዳሽን ክፈዪ ነው ያላት። አንቺም ከገብሱ የተወሰነውን ቆልተሽ ቆሎ ወይ በሶ አድርገሽ ብትሸጪ ኪራዩን በሙሉ ባይከፍልም መነሻ ይሆናል፣ አከራይሽንም ሄደሽ እውነቱን ንገሪያቸው፣ አትደበቂ። ባለቤትሽም ጠዋት ጠዋት ሥራ መፈለጉን አያቋርጥ፣ ሥራ መፈለግ እምነት ማጣት አይደለም፣ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ነው ያስተማረው።

አሁን ወደ ወንድምየው ልምጣ፣ ዋናው የከበደሽ እሱ ይመስለኛል። ገብስ መቀበል መሬት መልቀቅ አይደለም። ምን አስቦ እንደላከው እኔም አንቺም ልቡን አላየንም፣ ለክፉ ነው ብለሽ አትፍረጂ፣ ነገር ግን ስለ መሬቱ በስልክ ምንም ቃል አትስጡ፣ እሱ በሽማግሌ ፊት የሚታይ ነገር ነው። ባለቤትሽ መደወል ከከበደው አንቺ ደውይ፣ ወንድም ጋሼ ገብሱ ደርሶናል እግዚአብሔር ይስጥልን በይው፣ በቃ፣ ከዛ ዝም ቢል እንኳ አንቺ የድርሻሽን አድርገሻል። ጾም ላይ ነን፣ ለፋሲካ ልትቆርቡ ካሰባችሁ ደግሞ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባህን ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ለባለቤትሽ አንብቢለት፣ ግን ማታ ደክሞት ተበሳጭቶ ሲገባ አይሁን፣ ረጋ ሲል። የነፍስ አባታችሁን ጠርታችሁ እሳቸው መሐል ቢገቡ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

ስለትሽን አስገቢ። የለመንሽው በራችንን ክፈት ብለሽ ነው፣ በሩ ተከፍቷል፣ የገባው ሰው ያላሰብሽው መሆኑ መልስነቱን አያስቀረውም። ምን እንደተሳልሽ አልጻፍሽልኝም፣ ጧፍ ወይ ሻማ ከሆነ በሚመጣው 12 ይዘሽ ሂጂ፣ ከአቅምሽ በላይ ተስለሽ ከሆነ ግን ከልጆቹ አፍ ነጥቀሽ ሳይሆን ለነፍስ አባትሽ ነግረሽ በሚሉሽ መንገድ ፈጽሚ።

የሁላችሁንም የክርስትና ስም ላኪልኝ፣ የወንድምየውንም ጨምሪልኝ፣ በጸሎት አስባችኋለሁ።