እግር የሚያደነዝዝና ቶሎ አፉን የሚከፍት የማውንቴን ባይክ ጫማ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ሦስት ነገር አለው። ረዘም ያለ መንገድ ስትነዳ ጣቶችህ ይደነዝዛሉ። ጫማህ ዓመት ሳይሞላው ከፊት አፉን ከፍቷል። ጓደኛህ ደግሞ ለዓመታት ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠውን ጫማ «ውሰደው» ብሎሃል። «እሱን ልውሰድ ወይስ ወደድ ያለ አዲስ ልግዛ?» ነው ያልከው።

ወደድ ያለው ጫማ ብቻውን አያድንህም። ድንዛዜው የልክና የክሊት (ሶሉ ላይ ታስራ ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የምታቆልፈው ብረት) አቀማመጥ ጉዳይ ነው። መላቀቁ ደግሞ የሙጫና የአደራረቅ ጉዳይ ነው። በጣም ውድ ጫማ አድርገው ሁለቱም የደረሰባቸው ሰዎች አብረውኝ ይነዳሉ።

ከድንዛዜው ልጀምር። ብዙ ሰው ምቾት ሲባል ልስላሴ ይመስለዋል። ሱቅ ውስጥ ጫማውን ያጠልቅና ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ከለሰለሰው «ይሄ ነው ጫማ!» ብሎ ይዞት ይወጣል። ለእግር መንገድ ቢሆን እውነቱን ነው። ፔዳል ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሶሉ ከለሰለሰ የፔዳሉ ቅርጽ በሶሉ አልፎ መሃል እግርህን ይጫነዋል። አንተ የምትጠቀመው ጫማውን ቆልፎ የሚይዘውን ክሊፕ ፔዳል ስለሆነ፣ ጉልበትህ ሁሉ የሚያርፈው ክሊቷ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ትንሽዬ ብረት ናት። ጠንከር ያለ ሶል ያንን ጫና በእግርህ ስፋት ያከፋፍለዋል። መጀመሪያ ግትር የመሰለህ ጫማ ሰዓታት ካለፉ በኋላ የሚመቸው ለዚህ ነው።

እንዲህ ስል ግን የካርቦን ሶል ግዛ ማለቴ አይደለም። ካርቦን ለውድድር ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ወርደህ ሳይክሉን እየገፋህ የምትወጣ ከሆነ ግን ፍዳህን ታያለህ። ሶሉ አይታጠፍም፤ ተረከዝህ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጫማው ይወጣል፤ ድንጋይ ላይም ያንሸራትታል። ለተራ የጫካና የተራራ መንገድ መሃሉ ጠንካራ፣ ጣቶቹ ጋ ትንሽ የሚታጠፍ የናይለን ሶል ይበቃል። በእጅህ ይዘህ እጠፈው። ከመሃሉ ከታጠፈ ተወው። ከፊት ብቻ ከታጠፈ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ስፋቱ እንምጣ። እኔ እንደማየው የብዙ ሰው ድንዛዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰው ቁጥሩን ያያል እንጂ ስፋቱን አያይም። ጫማው ሲጠበው አንድ ቁጥር ይጨምራል። ያኔ ርዝመቱ ይተርፋል፤ ተረከዙ ይላላል፤ ጎኑ ግን ያው መጥበቡን አይተውም።

አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ አሁኑኑ ቤት ውስጥ ሞክረው። ውስጥ የተነጠፈውን ሶሌታ አውጣና መሬት ላይ አድርገህ በባዶ እግርህ ቁምበት። ሙሉ ክብደትህን ጣልበት። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ትንሿ ጣትህ ያለችበትን ጎን እይ። ሥጋህ ከሶሌታው ጠርዝ ውጭ ከፈሰሰ፣ ያ ጫማ ስትነዳ ጣቶችህን ከሁለቱም ወገን እየጨመቀ ነው። በጣቶችህ አጥንቶች መሃል የሚያልፉት ነርቮች ሲጨመቁ ነው እግር የሚደነዝዘው። በዚያ ላይ እግር ሲሞቅና ሰዓቱ ሲረዝም ያብጣል። ስለዚህ ጫማ የሚለካው ጠዋት ሳይሆን አመሻሽ ላይ ነው፤ ያውም ስትነዳ የምታደርገውን ካልሲ አድርገህ። በርዝመት ከረጅሙ ጣትህ ፊት ትንሽ ክፍተት ይኑር፤ ቁልቁለት ላይ ጣትህ ከጫፉ ጋር መጋጨት የለበትም። ሺማኖና ሌክ የሚባሉት ጫማ ሠሪዎች ሰፋ ያለ እግር ላለው ሰው የተዘጋጀ ልክ ይሠራሉ። ሰፊው ልክ ያለው ሞዴል ከተገኘ ቁጥር ከመጨመር እሱ ይሻላል።

ሶሌታው ከእግርህ ጋር ከተስማማ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ክሊቷ ናት። ሺማኖ ኤስፒዲ የሚባለውን ክሊፕ ፔዳሉን በ1990 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ካወጣ ጀምሮ የማውንቴን ጫማ ሶል ላይ በሁለት ብሎን የምትታሰር ትንሽ ክሊት የተለመደች ሆናለች። ብሎኖቹ የሚገቡበት ቦታ ሸርተት የሚል ስለሆነ ክሊቷን ወደፊትም ወደኋላም መውሰድ ትችላለህ። ብዙ ሰው ግን ሱቅ ውስጥ እንደታሰረለት ይተዋታል። ወደ ጣቶች በጣም ከቀረበች ጫናው በቀጥታ የነርቮቹ ቦታ ላይ ይወድቃል። ወደ ተረከዝ ሳብ አድርጋት። መጀመሪያ በዙሪያዋ በእስክሪብቶ መስመር አስምር፤ ካልተስማማህ ወደነበረችበት ትመልሳታለህ። ከዚያ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ወደኋላ ውሰድና ንዳ። እንደገና አስፈላጊ ከሆነ ትንሽ ጨምር። እኔ የማደርጋት የተለመደው መመሪያ ከሚያስቀምጣት ትንሽ ወደኋላ ነው። ቁልቁለት ላይ ቆሜ ስነዳም ባቴ ቶሎ አይደክምም። ስታንቀሳቅሳት ግን አቅጣጫዋን አታዛባ። ክሊቷ ከተጣመመች ጉልበትህ ይነግርሃል።

አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገርም አለ፤ አስተሳሰሩን እይ። ሰው ጫማው እንዳይላላበት ከታች እስከ ላይ እኩል ጥብቅ ያደርገዋል። ጣቶቹ አካባቢ ላላ አድርግ፤ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ስትጠጋ አጥብቅ። እግርን ይዞ የሚያቆየው የላይኛው ክፍል ነው። ስትነዳ ቆይተህ ከሞቅክ በኋላ ቆም ብለህ ትንሽ ብታላላም ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ አድርገህ ከሳይክል ከወረድክ በኋላም መደንዘዙ ካልለቀቀህ ግን ነገሩ ከጫማ አልፏል፤ ሐኪም ይይህ።

ወደ ተላቀቀው ሶል ልለፍ። አብዛኛው የሳይክል ጫማ የሚሠራው ላይኛውና ታችኛው በሙጫ ተጣብቆ ነው። ስፌት ብታይም ብዙ ጊዜ ለጌጥ ነው። ጫማው ቀድሞ የሚከፈተው ከፊት፣ ስትራመድ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ሳይክል እየገፋህ ዳገት ስትወጣ ክብደትህ ሁሉ ጫፉ ላይ ያርፋል። ጠንካራው ሶል መታጠፍ አይፈልግም፤ ላይኛው ጨርቅ ይታጠፋል። መሃል ላይ ያለው ሙጫ በሁለቱ ጸብ ይላጣል።

ሙጫውን የሚገድለው ግን ከመራመዱ ይልቅ ሙቀት ነው። ጭቃና ውሃ የጠጣ ጫማ ማሞቂያ አጠገብ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ወይም በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ሙጫው ይለሰልሳል። ላይኛው ቆዳ ወይም ጨርቅ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተርና ይጎትተዋል። እንዲህ ጥቂት ጊዜ ከደረቀ ሙጫው አለቀለት። የኔ ጫማዎች ዕድሜ የሚያገኙት ከአደራረቃቸው ነው። ሶሌታውን አውጥቼ ለብቻው አደርቀዋለሁ። ማሰሪያውን ሙሉ በሙሉ እከፍታለሁ፤ ምላሱን ወደፊት እዘረጋለሁ። ውስጡን በጋዜጣ እሞላለሁ። ጋዜጣው ሲርስ ሌላ እቀይራለሁ። የማስቀምጠው ነፋስ ያለበት ጥላ ቦታ ነው። ሲደርቅ ያድራል፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ይፍጅ። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አታስገባው። ሳይክል የሚታጠብበት ግፊት ያለው ውሃም አትልቀቅበት፤ ውሃውን በስፌቱ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ብሩሽና ለብ ያለ ውሃ በቂ ነው።

አሁን የተከፈተውን አትጣለው። ሱፐር ግሉ ግን እንዳይነካው! ሲደርቅ ድርቅ ይልና መጀመሪያ ስትራመድ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ደህናው ሙጫም አይዝም። ጫማ ሰፊ የሚጠቀመው ማስቲሽ ነው የሚሻለው፤ ደርቆም አብሮ ይታጠፋል። ቦታውን አጥራ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፈግ አድርግ። ሁለቱንም ቀባና ሲነኩት እጅ እስከማይዝ ጠብቅ። ከዚያ አጣብቀህ በገመድ ጠፍረህ አሳድረው። ቶሎ የሚቸኩል ሰው ነው ማስቲሽ አይሠራም የሚለው።

የክሊቷን ብሎኖችም አትርሳ። ስትገጥማቸው ግሪስ ቀባ። የሚጠብቁት በ5 እና 6 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) መካከል ነው፤ ከጥቂት ንዳት በኋላም እንደገና ፈትሻቸው፤ ይላላሉ። ጭቃ የብሎኑን ጉድጓድ ሞልቶት ከደረቀ ቁልፉ ጥልቅ ብሎ አይገባም፤ በጉልበት ካዞርከው ጠርዙን ይበላዋል። መጀመሪያ በሚስማር ጫፍ ፈልፍለህ አውጣ። ክሊቷ ራሷም ታልቃለች። የብረቷ ትቆያለች፤ ክራንክ ብራዘርስ የሚሠራት የነሐስ ክሊት ደግሞ ቶሎ ትበላለች። ሳትፈልግ እግርህ ከፔዳሉ መውጣት ከጀመረ ቀይራት።

«ፍላት ፔዳል ብገባስ?» ብለሃል በመጨረሻ፤ ጫማውን የማይቆልፈውን ጠፍጣፋ ፔዳል ማለትህ ነው። ለድንዛዜው ይረዳ ይሆናል፤ እግርህን እንደፈለግክ ታንቀሳቅሳለህ። ለዕድሜው ግን አይረዳም። የፍላት ጫማ የሚይዘው ጎማው ለስላሳ ስለሆነ ነው። አሁን በአዲዳስ ሥር ያለው ፋይቭ ቴን የሚባለው ጫማ ሠሪ ዝናውን ያገኘው ለድንጋይ መውጫ ጫማ በሠራው ስቴልዝ በሚባል ጎማ ነው። ለስላሳ ጎማ ፔዳሉን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ የፔዳሉ ፒኖችም (ጫማውን የሚነክሱት ትንንሽ የብረት ጥርሶች) በተራቸው ይበሉታል። ብዙ የተነዳበትን ጫማ ገልብጠህ ብታይ መሃሉ ወንፊት ሆኗል። የሶል ጎማ የሚሠራውን ድርጅት፣ የቪብራምን ቢጫ ምልክት አይተህም አትታለል፤ ቪብራም ብዙ ዓይነት ጎማ ስላለው ምልክቱ ብቻ ልስላሴውን አይነግርህም። በጥፍርህ ጫን አድርገህ እየው።

ማሰሪያን በተመለከተ ክር ርካሽና በቀላሉ የሚቀየር ነው፤ የቀኝ እግሩን ጫፍ ግን ካቴና እንዳይበላው ሸጉጠው። ቬልክሮ ጭቃ ሲሞላው አይይዝም። ቦአ የሚባለው የሚሽከረከር ቁልፍ ምቹ ነው፤ ድንጋይ ካልመታው ይቆያል። አንቆ ከያዘ ብዙ ጊዜ አሸዋ ገብቶበት ነውና ሰበርኩት ሳትል በውሃ አለቅልቀው።

የጓደኛህን ጫማ በተመለከተ፣ ከማድረግህ በፊት አንድ ነገር አጣራ። የመካከለኛው ሶል ፖሊዩሪቴን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ከሆነ ሳይደረግም ቁም ሳጥን ውስጥ ያረጃል፤ የአየሩ እርጥበት ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። ከላይ አዲስ ይመስላል። ጎኑ ላይ ያለውን የሶሉን ክፍል በአውራ ጣትህ ጠበቅ አድርገህ ተጫነው፤ ከዚያ ጫማውን ከፊት እጠፈው። ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ አመስግነህ መልስለት። ካልተሰነጠቀ ደግሞ ሶሌታውን አውጥተህ ቁምበት።