ቀኑ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ በሬው የእኛ፦ ስለ ቀብርና ስለ ሙታን ጸሎት ለደረሱኝ ጥያቄዎች

ጥቅምት ሲጋመስ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይቀየራል። ስለ ጋብቻና ስለ ክርስትና አባት የሚጠይቀው ቀንሶ ስለ ፍትሐት፣ ስለ ቀብርና ስለ ተዝካር የሚጠይቀው ይበዛል። በላቲን ሥርዓት (ከሮም በመጣው የካቶሊክ የአምልኮ ሥርዓት) የሙታን ሁሉ መታሰቢያ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2 ስለሚውል ነው፤ በእኛ ጥቅምት 23፣ ጳጉሜ ስድስት ሆና ካለፈች ደግሞ ጥቅምት 22። ከዘንድሮዎቹ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀውንና ሰፈር የሚጠይቀውን አደባልቀው የመጡ ናቸው። እስቲ እየለየን እንሂድ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«አባታችን ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። እኛ ካቶሊኮች ነን፣ አክስቶቻችን ኦርቶዶክስ ናቸው። በአርባው በሬ ካልተጣለ፣ ጠላ ካልተጠመቀ ነፍሱ አታርፍም እያሉን ነው። ብድር ልንገባ ነው። ግዴታ አለብን?» (ከቢሾፍቱ)

ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ። ግዴታ የለባችሁም። ብድሩንም አትግቡ።

አርባውን ግን አትጣሉት። አንዳንድ ካቶሊክ ወገኖቼ «አርባ የኛ አይደለም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ተሳስተዋል። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በ395 ጥር ወር ሚላኖ ላይ ሲሞት፣ የከተማዋ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ የመታሰቢያ ስብከቱን የሰጠው በአርባኛው ቀን ነበር። ያኔ በተናገረው ውስጥ፣ አንዳንዶች ሦስተኛውንና ሠላሳኛውን ቀን፣ ሌሎች ሰባተኛውንና አርባኛውን እንደሚያከብሩ ይጠቅሳል። የጥንቱ የሮም መጽሐፈ ቅዳሴም ለሦስተኛው፣ ለሰባተኛውና ለሠላሳኛው ቀን፣ ለሙት ዓመቱም የተለየ ጸሎት ነበረው። የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉት የዓዲግራትና የአዲስ አበባ ካቶሊኮችማ ሣልስቱንም አርባውንም ሲያስቡ ኖረዋል። ስለዚህ ቀኑ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሬው የእኛ ነው።

ተዝካር ሲጀመር ነዳያንን ማብላት ነበር። በሟቹ ስም የተራበ ይበላል፣ የበላውም ለሟቹ ይጸልያል። ቆይቶ ድንኳኑ እየሰፋ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተፎካከረ፣ ነዳያኑ ከድንኳኑ ውጭ ቀሩ። የአባት ተዝካር ዕዳ ልጁ ሠርግ ደርሶ እንኳ ተከፍሎ ሳያልቅ አይቻለሁ። የኦርቶዶክስ አባቶችም ቢሆኑ ነፍስ በድግስ ብዛት ትድናለች ብለው አያስተምሩም፤ አክስቶቻችሁ የነገሯችሁ የሰፈር ልማድ ነው።

እንዲህ አድርጉ። በዚህ ሳምንት ቁምስናችሁ (የአካባቢያችሁ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ሄዳችሁ ለአርባው ቀን ቅዳሴ አስይዙ፤ የአባታችሁን የክርስትና ስም አስመዝግቡ። ጠዋት አስቀድሳችሁ ስትወጡ በር ላይ ላሉት ዳቦና ንፍሮ፣ ከተቻለም ትኩስ ሽሮ በእንጀራ ይቅረብ። አክስቶቻችሁን ድንገት አታስደንግጧቸው፤ አስቀድማችሁ ጠርታችሁ ቡና አፍሉና «እንዲህ ልናደርግ ነው፣ ዳቦውን እናንተ ጋግሩልን» በሏቸው። ሥራ የተሰጠው ሰው ብዙ አያጉረመርምም።

«ወንድሜ ጴንጤ ነው። ለሞተ ሰው መጸለይ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የለም፣ ሰው ከሞተ አለቀ ይለኛል። ምን ልመልስለት?» (ከሀዋሳ)

ከሁሉ በፊት ይህን ክርክር ለቅሶ ቤት አታንሺው። ሰው እያለቀሰ ጥቅስ መወራወር ለማንም አይበጅም።

ቤተ ክርስቲያን ቀድማ የምትጠቅሰው ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 12ን ነው። ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት የወደቁ ወታደሮቹን ሊቀብር ሲያነሣ ከልብሳቸው ሥር የጣዖት ክታብ ተገኘባቸው። እሱም አልረገማቸውም፤ ሁለት ሺህ ያህል የብር ድራክማ አዋጥቶ ስለ ኃጢአታቸው መሥዋዕት እንዲቀርብ ወደ ኢየሩሳሌም ላከ። አንድ ነገር ልብ በይ፤ ይህን ታሪክ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መጻሕፍተ መቃብያን ውስጥ ብትፈልጊ አታገኚውም። ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ ሌሎች መጻሕፍት ናቸው። የካቶሊኩን መጽሐፍ ቅዱስ ክፈቺ።

ወንድምሽ «በእኛ 66 መጻሕፍት ውስጥ የለም» ይልሻል፤ እውነቱን ነው። እንግዲያው 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥16-18ን አብራችሁ አንብቡ። ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን» ከጌታ ምሕረት እንዲያገኝ ይለምናል፤ ሰላምታ የሚልከው ግን (4፥19) ለቤተ ሰቡ ብቻ ነው። ሰውዬው ሞቶ ነበር የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ጥቅሱ ግን በግልጽ አይለውምና አለ ብለሽ አትሟገቺ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ድንጋይ ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት በፍርግያ (በዛሬይቱ ቱርክ) የኖረ አቤርቅዮስ የሚባል ጳጳስ በሰባ ሁለት ዓመቱ የመቃብሩን ጽሑፍ ራሱ አስቀረጸ፤ የሚያነብና የሚረዳ ሁሉ እንዲጸልይለትም ለመነበት። የድንጋዩ ስባሪ ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም አለ። የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ዝርዝር ተጠናቅቆ ሳይጸና ክርስቲያኖች ለሙታናቸው ይጸልዩ ነበር ማለት ነው።

ስለ መካነ ንጽሕ (ብዙዎቻችን ፑርጋቶሪ የምንለው) ደግሞ ወንድምሽ ያልሆነውን ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ለኃጢአተኛ የተሰጠ ሁለተኛ ዕድል አይደለም። በእግዚአብሔር ጸጋ የሞተ፣ ግን ገና መንጻት የሚቀረው ሰው የሚነጻበት ነው፤ እዚያ ያለ ሁሉ መጨረሻው ገነት ነው። ትምህርቱ በፍሎረንስ ጉባኤ በ1439፣ በትሬንት ደግሞ በ1563 ተደንግጓል። የትሬንት አባቶች ግን አብረው ያዘዙትን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ለተራው ሕዝብ ስትሰብኩ ረቂቅና አስቸጋሪ ጥያቄዎችን ተዉ፣ ከንቱ ጉጉትን፣ አጉል እምነትንና ነውረኛ ጥቅምን የሚያስከትለውንም ከልክሉ ብለዋል። ስለዚህ እሳቱ ስንት ዲግሪ ነው፣ ስንት ዓመት ይፈጃል የሚል ሰባኪ ካጋጠመሽ ከራሱ ነው የሚናገረው።

«ለአንድ ቅዳሴ ገንዘብ እንሰጣለን። ሀብታም ሠላሳ ቅዳሴ ያስቀድሳል፣ ድሃ አንድም አይችል። ታዲያ ሀብታሙ ቶሎ ይገባል ማለት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

ጥያቄህ ይገባኛል፤ የፕሮቴስታንትን ንቅናቄ የጀመረው ማርቲን ሉተርም ከዚህ መሰል ጥያቄ ነው የተነሣው።

የምትሰጠው መባ ነው፤ ለካህኑ ኑሮና ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ይውላል። የላቲኑ ሕገ ቀኖና ንግድ ቀርቶ የንግድ መልክ ያለው ነገር ሁሉ ፈጽሞ ይራቅ ይላል። ካህናት ለድሆች ያለ መባም እንዲቀድሱ አጥብቆ ያሳስባል፤ ድሃ ገንዘብ በማጣቱ ፍትሐት እንዳይከለከልም ያዛል። አንድ ካህን በዓመት ውስጥ ቀድሶ ከሚጨርሰው በላይ መባ ለራሱ መቀበል አይችልም። ገንዘብ ከሌለህ ቆሞሱ (የቁምስናው አለቃ) ጋ ገብተህ «የለኝም፣ ለእናቴ ይቀደስልኝ» በል። ፊቱን ካጠቆረብህ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ሠላሳው ቅዳሴ ከየት መጣ ለምትለው፣ በ590 የሮም ጳጳስ የሆነው ታላቁ ጎርጎርዮስ የሚተርከው ታሪክ አለ። ሮም ባለው ገዳሙ ዩስጦስ የሚባል ሕክምና የሚያውቅ መነኩሴ ነበር፤ ሊሞት ሲል ሦስት የወርቅ ሳንቲም መድኃኒቶቹ መሐል ደብቆ ተገኘ። መነኩሴ የግል ገንዘብ የለውም። ጎርጎርዮስ ማንም እንዳያጽናናው አዘዘ፤ ሲሞትም ሳንቲሙን በላዩ ጥለው ከነወርቁ ፍግ ውስጥ ቀበሩት። ሠላሳ ቀን አልፎ ግን ጎርጎርዮስ ራሱ አንጀቱ አልችል አለው። ለሠላሳ ተከታታይ ቀን ሳይቋረጥ ይቀደስለት አለ። ቀኑ ሲሞላ ዩስጦስ ለወንድሙ ተገልጦ እስከ ዛሬ ተቸግሬ ነበር፣ አሁን ግን ደህና ነኝ አለው። ልብ ብለህ እይ፤ የተቀደሰለት ሰው አምስት ሳንቲም አልከፈለም፤ በዚያ ታሪክ ጥፋቱ ራሱ ወርቁ ነበር።

ደግሞም ስሙ ባይጠራ እንኳ በየቅዳሴው የማይታሰብ ሙት የለም፤ የሚያስታውሰው ዘመድ የሌለውም ጭምር።

«የአጎቴ ልጅ እዚህ አሜሪካ አረፈ። አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ የተጠየቅነው ገንዘብ ከአቅማችን በላይ ነው። ተቃጥሎ አመዱ ይሂድ የሚሉ አሉ። ለካቶሊክ ይፈቀዳል?» (ከሜሪላንድ)

ይፈቀዳል። ቤተ ክርስቲያን ክልከላውን ያነሣችው በ1963 ነው፤ ምክንያቱ ትንሣኤ ሙታንን መካድ እስካልሆነ ድረስ። የምትመርጠው ግን አሁንም መቅበርን ነው። የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም ይህንኑ ይላል፤ ስለዚህ የግዕዝ ሥርዓት ተከታይም ብትሆኑ ፍትሐቱ አይከለከልም። ቢቻል ፍትሐቱ አስከሬኑ ሳይቃጠል ይሁን። ካልሆነም በአሜሪካ ከ1997 ጀምሮ አመዱ ባለበት የቀብር ቅዳሴ ማድረግ ተፈቅዷል።

ጥብቅ የሆነው አመዱ የሚያርፍበት ነው። በ2016 የወጣው የቫቲካን መመሪያ አመዱ በመቃብር ወይም በተቀደሰ ስፍራ ይረፍ ይላል፤ ባሕር ላይ መበተንን፣ ለቤተሰብ ማከፋፈልን፣ ሐብል ውስጥ ማስገባትን ይከለክላል። በ2023 ዲሴምበር ትንሽ ላላ፤ የቤተ ክርስቲያን ኃላፊ ፈቅዶ ጥቂት ክፍል ለሟቹ ትርጉም በነበረው ቦታ ሊቀመጥ ይችላል። ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚደረደር ዕቃ ግን አይደለም።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልጨምር። ሕጉ ይፈቅዳል፤ እናቱ ግን ሕግ አይደሉም። «ልጄን አቃጠሉት» የሚል ሐዘን ይዘው እንዲኖሩ ከማድረግ፣ እዚያው አሜሪካ ቀብራችሁ አገር ቤት ቅዳሴና ለቅሶ ብታደርጉ ይሻላል ባይ ነኝ። ዘመዶቻችሁ ኦርቶዶክስ ከሆኑ ደግሞ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ማቃጠልን እንደማትቀበል አስቡበት። ከመወሰናችሁ በፊት ደውሉላቸው።

«ወንድሜ ራሱን አጠፋ። ቀሳውስት አይፈቱትም ተባልን። ብንጸልይለትስ ይጠቅመዋል?» (ቦታዬ አይጠቀስ ያለች አንባቢ)

ይጠቅመዋል እኅቴ፤ ጸልዪለት።

በ1917ቱ ሕገ ቀኖና አውቆ ራሱን ያጠፋ ሰው ሳይጸጸት ከሞተ የቤተ ክርስቲያን ቀብር ይከለከል ነበር። በ1983ቱ ሕግ ቀብር ከሚከለከሉት ዝርዝር ውስጥ ራሱን ያጠፋ ሰው የለም። ትምህርተ ክርስቶሱም (ካቴኪዝሙ) ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ጭንቀትና ፍርሃት የሰውየውን ኃላፊነት እንደሚቀንስ፣ እግዚአብሔርም እሱ ብቻ በሚያውቀው መንገድ የንስሐ ዕድል ሊሰጠው እንደሚችል ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያን ትጸልይላቸዋለች ይላል። «አይፈታም» ያላችሁ ሰው የቆየውን ሕግ ይዞ ይሆናል። ቆሞሱ ጋ ሂዱ፤ እሱም እምቢ ካለ ሀገረ ስብከቱን ጠይቁ። ሲቀደስ ስሙ ይጠራ፤ አፍራችሁ አትደብቁት። አንቺም ብቻሽን አትሁኚ፤ ሌሊት እንቅልፍ ከነሣሽ ለካህንም ለሐኪምም ንገሪ።

«አክስቴ ጣሊያን ውስጥ በስቅለት ዋዜማ አረፈች። ካህኑ ቅዳሴ አይቻልም አለን። ንቀት ነው?» (ከሮም)

አይደለም። ከጸሎተ ሐሙስ እስከ ፋሲካ ለማንም የቀብር ቅዳሴ አይደረግም፤ ጳጳስም ቢሞት። ንባብና ጸሎት ያለው የቀብር ሥርዓት ግን ይቻላል፤ በስቅለት ዕለት ያለ ዝማሬና ያለ ደወል ይሆናል። ቅዳሴው ከፋሲካ በኋላ ይደረግላታል። አገር ቤትም ኦርቶዶክሱ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማያደርግ አይደል በሆሣዕና ለሁሉም አስቀድሞ የሚፈታው?

«የሟቹን የሕይወት ታሪክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንበብ ይቻላል?» (ከወላይታ ሶዶ)

በላቲን ሥርዓት ስብከቱ ስለ ትንሣኤ እንጂ ስለ ሟቹ ውዳሴ አይሆንም። ከቁርባን በኋላ፣ ከመጨረሻው ስንብት በፊት ግን አንድ ሰው አጭር ነገር ሊናገር ይችላል። አጭር ብያለሁ። የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ ያገኘውን ሰርተፍኬትና የደመወዝ እድገቱን ከነዓመተ ምሕረቱ መዘርዘር ለድንኳኑ ይቆይ።

«ቤይሩት በሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ስትሞት መሄድ አልቻልኩም። በሙታን ወር (በኖቬምበር) ለሙታን የሚሆን ሙሉ ሥርየት አለ ሲባል ሰማሁ። የእናቴ መቃብር አጠገብ ሳልሆን ይሆናል?»

ይሆናል እኅቴ። ሙሉ ሥርየት ማለት ኃጢአት ይቅር ከተባለ በኋላ የሚቀረውን ቅጣት ሁሉ የሚያስቀር ጸጋ ነው። ከኖቬምበር 1 እስከ 8 ባለው ጊዜ ማንኛውንም የመቃብር ስፍራ ጎብኝተሽ ለሙታን በልብሽ ብትጸልዪ ይበቃል፤ እናትሽ የተቀበሩበት መሆን የለበትም። ስምንት ቀን ነውና አንዱ እሑድ መሆኑ አይቀርም፤ ፈቃድሽም ያን ቀን ከሆነ ደረሰልሽ። መቃብር ሩቅ ከሆነብሽ በኖቬምበር 2 ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ አባታችን ሆይንና ጸሎተ ሃይማኖትን በዪ። በዚያው ላይ ንስሐ መግባት፣ መቁረብ፣ የሮም ጳጳስ ለሚያስበው ጉዳይ መጸለይና ልብን ከኃጢአት ሁሉ ማራቅ አለበት። ንስሐው ያንኑ ቀን ካልሆነ አትጨነቂ፤ እስከ ሃያ ቀን ገደማ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢሆን ይያዛል። አማርኛ የሚሰማ ካህን ካጣሽ በአስተርጓሚ መናዘዝም ይፈቀዳል፤ አስተርጓሚዋም እንደ ካህኑ ምስጢሩን የመጠበቅ ግዴታ አለባት። የምታምኚያትን ምረጪ።