ኮይል ቀይሬም ሚስ ያደርጋል፤ ሙያውን ልተወው?

ደብዳቤህ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ አውቶ መካኒክ ደረጃ 3 ጨርሰህ አዲስ አበባ ጋራዥ ገባህ። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ሚስ የሚያደርግ፣ ማለትም አንዱ ሲሊንደር በትክክል የማያቃጥል ሂዩንዳይ አክሰንት መጣልህ። ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየርክ፣ ገመዱን ቀየርክ፣ በመጨረሻም ከፍተኛ ቮልቴጁን የሚያመነጨውን ኮይል ቀየርክ፤ ሞተሩ ግን ያው ነው። የኮይሉ ዋጋ ከደመወዝህ ተቆረጠ። አጎትህ «ተወውና ራይድ ንዳ» ይሉሃል፤ አንተ ደግሞ በዕቁቡ ብር ትልቅ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ልግዛ ወይ ትላለህ።

ሙያው አልከበደህም። የጎዳህ ሳይለኩ ዕቃ መቀየርን ሥራ አድርጎ ያሳየህ ሰው ነው። በዚህ አልደራደርም፤ ብዙ ጎበዝ ልጆችን ከጋራዥ ያስወጣው ይኸው ልማድ ነውና።

መልሱ ደብዳቤህ ውስጥ ነበር፤ «ነዳጅ ስረግጥለት ይስተካከላል» ብለሃል። የደከመ ኮይል ወይም ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጋለጠው ሞተሩ ጭነት ሲይዝና ዳገት ሲወጣ ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር ብልጭታው ለመዝለል ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ሚኒሞ ላይ ብቻ የሚታይ ሚስ ግን መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ሾልኮ የሚገባ አየር ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በስንጥቅ የሚገባው ድርሻው ትልቅ ይሆናል፤ ስትረግጥለት ግን በብዛቱ ይዋጣል። የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ የፍሬን ሰርቮውን ጎማ ቱቦና ነዳጅ የሚረጩትን የኢንጀክተሮቹን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እይ።

ዲስትሪቢዩተር (ብልጭታ አከፋፋይ) የሌለው፣ ግን እንዳንተው የካንዴላ ገመድ ያለው የአክሰንት ሞተር ላይ አንዱ ኮይል ሲሊንደር 1ን እና 4ን፣ ሌላው 2ን እና 3ን በአንድ ጊዜ ያበራል። ስለዚህ ኮይል ሲሞት ጥንዱ አብሮ ይቆማል። የሲሊንደር 1 እና 4 ሚስ የሚጠቁሙት የስህተት ኮዶች ፒ0301 እና ፒ0304 አብረው ከመጡ ኮይሉን ወይም ወደሱ የሚሄደውን ሽቦ ጠርጥር። ፒ0302 ብቻውን ከመጣ ግን የ2ን ካንዴላ ከ3 ጋር አቀያይር፤ ኮዱ ተከትሎት ካልሄደ ካንዴላው ነፃ ነው። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ አትንቀል፤ መውጫ ያጣው ቮልቴጅ ኮይሉን ይበሳል፣ አንተንም ይመታል። የኢንጀክተሩን ሶኬት በየተራ ንቀል፤ ስትነቅለው ዙሩ የማይወርደው ሲሊንደር እሱ ነው በሽተኛው።

ከዚያ የነዳጅ ማስተካከያውን ቁጥር (ፊውል ትሪም፦ ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነዳጅ በመቶኛ) አንብብ። ሚኒሞ ላይ ከ+20 በላይ ሆኖ በ2,500 ዙር ወደ 0 ከተጠጋ አየር እየገባ ነው። ካልሆነ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት) ለካ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅና ብልጭታ ተቋርጠው፣ ፔዳሉ እስከመጨረሻ ተረግጦ። የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጌጁም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው «የፒስተን ሪንግ ሄዷል» ብሎ ደህና ሞተር ያስፈታል! ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድር፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። ከወረደ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው፤ ከፍ ካለ ሪንግ ነው፣ ካላለ ወደ ቫልቩ ሂድ።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ ስካነር አያስፈልግህም። ከስልክ ጋር የሚገናኝ፣ ኮዱን የሚያነብ ትንሽ ብሉቱዝ መሰኪያ፣ መልቲሜትርና የኮምፕሬሽን ጌጅ ይበቁሃል። የቀረውን ብር ለሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናና ለቀጣዩ ደረጃ አስቀምጠው።

አጎትህ መኪናውን አይገዙልህም። በኪራይ መኪና ስትነዳ ነዳጁም የዕለት ገቢውም ያንተ ዕዳ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እጅህ ላይ የጨመርከው ሙያ አይኖርም። አክብረህ እምቢ በላቸው።

በ2024 እ.ኤ.አ. የቤንዚን መኪና ማስገባት መከልከሉ ካሳሰበህ፣ መንገድ ላይ ያሉት ገና ለዓመታት ይጠገናሉ። የመለካት ልማድ ያለው መካኒክ ደግሞ የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠና ወስዶ ወደ ኤሌክትሪኩ ይሻገራል።

ስለተቆረጠው ደመወዝ፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሕግ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ካልፈቀደ፣ ያለ ጽሑፍ ስምምነትህ አይቆረጥም። ባለጋራዡን ከማነጋገርህ በፊት አሮጌውን ኮይል ፈልገህ ሁለቱን ጥንዶች በኦም ለካና አወዳድር። ተመሳሳይ ካሳዩ አሮጌውን መልሰህ ግጠም፤ አዲሱ ለሻጩ ሊመለስ ይችል እንደሆነ ጠይቅ።