አንደርሰን እስከ 41 ዓመቱ እንዴት ቆየ? (ለሊድሱ ወንድማችን ጥያቄ)

ሰላም ለቤቱ። የሥራ ባልደረቦችህ ስለ እንግሊዛዊው የክሪኬት ተጫዋች ጄምስ አንደርሰን ሲከራከሩ ሰምተህ ሁለት ነገር ጠይቀሃል፦ ፈጣን ኳስ የሚወረውር ሰው እንዴት እስከ 41 ዓመቱ ይጫወታል? የዌስት ኢንዲሱ ፈጣን ወርዋሪ የማልኮም ማርሻል አማካይ 20.94 ሆኖ ሳለ 26.45 ያለው አንደርሰን ለምን ከታላላቆቹ ይመደባል?

ሁለተኛው ያጥራል፣ በእሱ ልጀምር። አማካይ ማለት ለእያንዳንዱ ዊኬት (ወርዋሪው ለሚያስወጣው አንድ መቺ) የተቆጠረበት ነጥብ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ማርሻል በ81 ቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚቆይ የአገሮች ግጥሚያ) 376 ዊኬት ወሰደ። ለአንድ ግጥሚያ ብቻ ምረጥ ብባል ያለማመንታት ማርሻልን ነው የምመርጠው። አንደርሰን ግን በ188 ቴስት 704 ወሰደ፤ ከሱ በላይ ያሉት ሙራሊታራን (800) እና ሼን ዋርን (708) ኳሷን በዝግታ እያሾሩ የሚወረውሩ እንጂ ፈጣኖች አይደሉም። ደግሞ 26.45ን እንዳለ አትውሰደው። እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አማካዩ ከ35 በላይ ነበር፤ ያንን ሸክም ተሸክሞ ነው እዚህ የወረደው።

በደንብ ተጀምሮ ለምን ተበላሸ? በግንቦት 2003 ለንደን በሚገኘው ሎርድስ ሜዳ ላይ ዚምባብዌን ገጥሞ በመጀመሪያው ቴስት በ73 ነጥብ 5 ዊኬት ወሰደ። ኳሷን ሲለቅ ግን ጭንቅላቱ ወደ መሬት ይደፋ ነበርና አሠልጣኞች «ይጎዳሃል» ብለው አወራወሩን ቀየሩት። ፍጥነቱም ስዊንጉም (ኳሷ አየር ላይ መታጠፏ) ቀነሰ፣ በ2006 ደግሞ የታችኛው ጀርባ አጥንቱ ተሰነጠቀ። ይህ ስንጥቅ የፈጣን ወርዋሪዎች የታወቀ ጠላት ነው። የፊት እግር መሬት ሲመታ ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ የሆነ ጫና ይመጣል፤ በዚያ ቅጽበት ትከሻና ዳሌ በተለያየ አቅጣጫ ከተጠማዘዙ ጫናው የሚያርፈው የታችኛው አከርካሪ ላይ ነው። ዋናው መድኃኒቱ ለወራት ማረፍ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ድሮው አወራወር ተመለሰ፣ በ2008 ኒውዚላንድ ላይም ቦታውን ያዘ።

የሱ ዋና ሀብት የእጅ አንጓው ነው። ኳሷን ከቀኝ እጅ መቺ ወደ ውጭ ለማጠፍ ጠቋሚና መሃል ጣት ስፌቱን ግራና ቀኝ ይዘው ይቀመጣሉ፣ አውራ ጣት ከሥር ስፌቱ ላይ ያርፋል። ስፌቱ ወደ አንደኛው ስሊፕ (ከመቺው ኋላ በውጭ በኩል ወደሚቆመው ተጫዋች) ትንሽ ያዘነብላል፤ ከወርዋሪው በኩል ሲታይ የሻከረው ጎን በግራ፣ የሚያበራው በቀኝ ይሆናል። ሲለቀቅ አንጓው ከኳሷ ጀርባ ሆኖ ወደ ኋላ ያሾራታል፤ ስፌቱ ቀጥ ብሎ የሚቆየው በዚህ ነው። አንጓው ወደ ጎን ከወደቀ ስፌቱ ይንገዳገድና ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። መዳፍ ውስጥ አጥብቆ የያዘም አያሾራትም። ብዙ ወጣቶች የሚወድቁት እዚህ ነው እንጂ በፍጥነት ማነስ አይደለም፤ አንደርሰን ራሱ በአብዛኛው በሰዓት ከ130 እስከ 140 ኪሎ ሜትር ነበር የሚወረውረው። (ደመና ሲኖር ኳስ ይበልጥ ይታጠፋል የሚባለውን ብዙ ተጫዋቾች ያምኑታል፣ የፊዚክስ ሰዎች ግን ምክንያቱ ላይ አልተስማሙም።)

እንግሊዝ ውስጥ የሚጫወቱበት ዱክስ የተባለው ኳስ ስድስቱም የስፌት ረድፍ በእጅ የተሰፋ ስለሆነ ጎልቶ ይቆያል። የአውስትራሊያው ኩካቡራ ኳስ ግን የውጭዎቹ አራት ረድፎች በማሽን የተሰፉ ናቸው፤ ስፌቱ ቶሎ ይተኛል፣ ስዊንጉም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ «እንግሊዝ ብቻ ነው የሚሆንለት» ይባል ነበር፤ ለተወሰነ ጊዜ እውነት ነበር። በ2010 የፓኪስታኑ መሐመድ አሲፍ ሲወረውር አይቶ ሌላ ዘዴ ወሰደ፤ ጣቶቹን ትንሽ ከፈት አድርጎ ስፌቱ ሆን ተብሎ እንዲንቀጠቀጥ ማድረግ። ኳሷ ስታርፍ የትኛው የስፌት ጫፍ መሬት እንደሚነካ ወርዋሪውም አያውቅም፣ መቺውማ ከየት አውቆ! በዚያው ዓመት መጨረሻ አውስትራሊያ ሄዶ 24 ዊኬት ወሰደ፤ እንግሊዝም እዚያ ከ24 ዓመት በኋላ አሸነፈች።

ኳሷ ስታረጅ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በፍጥነት ከተወረወረች ወደ ሻከረው ሳይሆን ወደሚያበራው ጎን ትታጠፋለች። የካቲት 2021 ቼናይ፣ በ38 ዓመቱ፣ ሕንዳውያኑን ጊልንና ራሃኔን በአንድ ኦቨር (ስድስት ኳስ) ውስጥ እንጨታቸውን የመታው በዚህ ነው። የዚያን ተከታታይ ምስል ፈልገህ ተመልከት።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ስመጣ፣ የቆየው በመተው ነው። ከ2015 የዓለም ዋንጫ በኋላ የአንድ ቀን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ አልተጫወተም፤ ሰውነቱን ለቴስት ብቻ አስቀመጠው። እንዲያም ሆኖ በቴስት 40,037 ኳስ ወርውሯል፣ ከፈጣኖች ማንም እዚህ አልደረሰም። ዕድሜ ግን አልማረውም፤ በ2023 አውስትራሊያ እንግሊዝ መጥታ በተጫወተባቸው 4 ግጥሚያዎች ያገኘው 5 ዊኬት ብቻ ነው። ሐምሌ 2024 ሎርድስ ላይ ሲሰናበት የሄደው ቡድኑ ለወደፊቱ ወጣቶችን ማዘጋጀት ስለፈለገ እንጂ እሱ በቃኝ ብሎ አልነበረም።

የሊድሱ ሄዲንግሊ ሜዳ ቅርብህ ነው። ቴስት ሲኖር ከተቻለ አዲስ ኳስ የሚሰጥበትን ሰዓት ምረጥ፤ ይኸውም የጨዋታው መጀመሪያ ወይም 80 ኦቨር ሲያልቅ። መቺውን ትተህ የስፌቱን አቆም በዝግታ ምስል ተከተል፣ ባልደረቦችህ የሚከራከሩበት ነገር ያኔ ይገባሃል።