ጥቁሩ ደብተር፣ ቀዩ መጽሐፍ

ሥዕል ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሥራውን ሊያሳየኝ ቤቴ መጥቶ ነበር። ሸራው ላይ ጅራቱን የሚበላ እባብ፣ ፀሐይና ጨረቃ፣ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተቀመጠ ዓይን፣ ከሥሩ የራስ ቅል ይታያል። እጁ ጎበዝ ነው፣ መስመሩ አይንቀጠቀጥም። «እባቡ ጅራቱን ለምን ይበላል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ምስጢር ስለሚመስል ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም።

ያ እባብ ከጥንት ግብፅ የመጣ ነው። ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ ይጥር ስለነበረው ጥንታዊ ጥበብ፣ ስለ አልኬሚ፣ በግሪክኛ ከተጻፉት ጽሑፎች በአንዱ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ተስሏል፤ መሀሉ ላይ «ሁሉም አንድ ነው» የሚል ጽሑፍ አለበት። የሳሉት ሰዎች እሳት ዳር የሚውሉ ነበሩ። ቁሱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል፤ ከዚያ ይነጣል፤ በመጨረሻ ይቀላል ብለው ያምኑ ነበር። በ300 ዓ.ም. ገደማ የኖረው ግብፃዊው ዞሲሞስ፣ መሠዊያ ላይ ሰዎች ሲቀቀሉ በሕልሙ አይቶ ጽፎታል። ቀን ብረት ሲያቀልጥ የዋለ ሰው ሌሊት ሌላ ምን ያያል? ምልክቱ ከእጁ ሥራ ነው የበቀለው።

ስዊዘርላንዳዊውን የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ እንደ ጎርፍ የመጣበትን ራእይ በመጀመሪያ የጻፈው በተራ ጥቁር ደብተሮች ላይ ነው። ቆየት ብሎ ከዚያ እየመረጠ በቀይ ቆዳ ወደተደጎሰ ትልቅ መጽሐፍ እያስጌጠ ገለበጠው፤ ሥዕል ጨመረበት፤ ዓመታት ፈጀበት። በ1961 ሲሞትም አላሳተመውም፤ ለሕዝብ የወጣው በ2009 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከቅርብ ሰዎቹ ውጭ ማንም «ወደድኩት» አላለለትም።

እባካችሁ እናንተም ጥቁር ደብተር ይኑራችሁ። ከአልጋ ሳትወርዱ ያያችሁትን ጫሩበት። አታሳምሩት፣ ፎቶ አንስታችሁም ለሰው አታሳዩት።

እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ያደግሁት። በወጣትነቴ ወንዝ መሀል ቆሞ የሚያነብ ሰው በሕልሜ አየሁ። በነጋታው ሸራ ወጥሬ በአንድ ቀን ጨረስኩት፤ በሳምንቱ ተሸጠ። ሰውየው የሚያነበው ምን እንደነበር እንኳ ራሴን ሳልጠይቅ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መታገሥን የተማርኩት ዘግይቼ፣ ከአንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ነው። ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጁ አየሁ፦ ጥላሸቱን ካረረ እህል ጋር ይወቅጡታል፣ በውኃ ይለውሱታል፣ ከዚያ ከድነው ይተዉታል። ለወራት ይብላላል። ክዳኑን ሲያነሡ የወጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀጥሎ ነጩ ብራና ይወጠራል፤ መጨረሻ ላይ የአምላክና የእመቤታችን ስም በቀይ ይገባል። ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ። የአልኬሚው ቅደም ተከተል እኚህ አባት ጉልበት ላይ ተቀምጦ ሳየው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለቴ አይደለም፤ ግን ሁለቱም ሳይበሰብስ የሚቀላ ነገር እንደሌለ ያውቃሉ።

ጠልሰሙንም፣ የብራና ክታብ ላይ የሚሳለውን የመከላከያ ሥዕል፣ ቀርባችሁ እዩት። ክታቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሰፋል፤ ከላይ እስከ ታች ዓይን፣ መረብ፣ ሰይፍ የያዘ መልአክ ነው። እዚያ ውስጥ አንድም ዓይን ለጌጥ አልተሳለም፤ የታመመው ሰው እንዲያየው፣ ያደረበትም መንፈስ አይቶ እንዲሸሽ ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ላይ ከሱሪያሊስቶች፣ ሕልምን ከሚስሉት ሠዓሊዎች፣ ሥራ ጋር ሲገናኝ ባዶ እጁን አልነበረም። ይህን ሁሉ ይዞ ነበር የሄደው፤ ለዚህም ነው ሥራው የእነሱ ግልባጭ ያልሆነው።

ለዚያ ወጣት ከዚያ ሁሉ ምልክት አንዱን ብቻ መርጦ አንድ ዓመት አብሮት እንዲቆይ ነግሬዋለሁ። እባቡን መረጠ።

እኔም የወንዙን ሰውዬ እንደገና ጀምሬዋለሁ፤ ብራና ላይ፣ በራሴ ቀለም። ውኃው አልቋል፣ ፊቱም እንደነገሩ ነው። የያዘው መጽሐፍ ገጽ ግን ገና ነጭ ነው፤ ቀለሙ ጓዳ ውስጥ ተከድኖ እየተብላላ ነው።