የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የአፈር ፈንገስ ሰብልን ይመግባል ወይ?

ጥያቄ፦ በጎንደር ዙሪያ ወረዳ ጤፍ፣ ሽምብራና ማሽላ እያፈራረቅሁ የማርስ ገበሬ ነኝ። ገለባ የተበተነበትን ማሳ ሳርስ ነጭ ድር የመሰለ ነገር አፈሩን እርስ በርሱ አያይዞት አገኘሁ። ጎረቤቶቼ በሽታ ስለሆነ መድኃኒት ርጭበት አሉኝ፤ ተማሪው ልጄ ደግሞ የአፈር ፈንገስ ሰብልን ስለሚመግብ አትንካው ይላል። ማንን ልስማ? እውነት ከሆነስ ማዳበሪያ መግዛቴን ልተው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ስለ መድኃኒቱ ልጅዎን ይስሙ፤ የፈንገስ መድኃኒት አፈር ላይ ቢረጩ ጎጂውንም ጠቃሚውንም አብሮ ይጎዳል። የማዳበሪያው ጉዳይ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ያዩት ነጭ ድር ገለባ የሚያበሰብስ ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም። ጠንካራውን የገለባና የአገዳ ክፍል አብዛኞቹ ረቂቅ ተሕዋስያን በቀላሉ አይበግሩትም፤ ፈንገሶች ግን ኢንዛይም አመንጭተው ይሰባብሩታል፣ በውስጡ ታስሮ የቆየው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝም በዚሁ ሂደት ይለቀቃል። ገለባ በናይትሮጅን ድሃ ስለሆነ አብስባሾቹ በመጀመሪያ ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ከዘር ወቅት አስቀድሞ፣ ቢቻል ከፍግ ጋር ተደባልቆ ቢታረስ ቡቃያው ከመገርጣት ይድናል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው በዓይን የማይታየው ማይኮራይዛ የተባለው ወገን ነው። ይህ ፈንገስ በተክሉ ሥር ውስጥ ገብቶ ከተክሉ ጋር ተደጋግፎ ይኖራል፤ በስኮትላንድ በተገኙ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው የዕፅዋት ቅሪቶች ውስጥ እንኳ ምልክቱ ታይቷል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ ባቄላና ሽምብራ ሁሉ ይህ ወዳጅ አላቸው።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በፎስፈረስ ላይ ነው። ፎስፈረስ በአሲዳማ አፈር ከብረትና ከአሉሚኒየም፣ ካልሲየም በበዛበት አፈር ደግሞ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ስለሚያዝ እንደ ናይትሬት ከውኃ ጋር በቀላሉ አይጓዝም፤ በመሆኑም ሥሩ በዙሪያው ካለው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ከሚሆን አፈር የሚገኘውን ከጨረሰ በኋላ ከዚያ ማዶ ያለው ቶሎ አይደርስለትም። የፈንገሱ ክር ግን ውፍረቱ ጥቂት ሺኛ ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ሥር በማይገባባቸው የአፈር ቀዳዳዎች አልፎ፣ ከሥሩ በብዙ ሴንቲሜትር ርቆ ፎስፈረስና ዚንክ ይለቅማል፤ ያንን ለተክሉ አድርሶ በምትኩ ተክሉ በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳርና ቅባት ይቀበላል።

እንግዲህ ፈንገሱ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ያቀርባል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። እህሉም ገለባውም ከማሳ በሚወጣበት፣ ፍጉም ኩበት ሆኖ በሚነድበት አካባቢያችን የወጣውን የሚተካ ነገር የግድ ያስፈልጋል፤ ማዳበሪያውን በአንድ ጊዜ እንዲተዉ የማልመክርዎም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የፎስፈረስ ማዳበሪያ ከልክ ሲያልፍ ተክሉ ፈንገሱን ማስጠጋት ይቀንሳል። መጠኑ በግምት ሳይሆን በአፈር ምርመራ ቢወሰን ይሻላል፤ የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ።

በማሽላ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፎስፈረስ የተራበ ሥር ፈንገሱን የሚጠራበት ኬሚካል ወደ አፈር ይለቃል፤ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ጥገኛ አረም አቀንጭራም ያንኑ ጥሪ ሰምቶ ይበቅላል። አቀንጭራን የሚያነቃው ይህ ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ ሲታወቅ፣ ፈንገሱንም እንደሚጠራ የተረጋገጠው በ2005 ነው። ፈንገሱ በሚገባ የያዘውና ፎስፈረስ ያገኘ ማሽላ ጥሪውን ስለሚቀንስ፣ በመተማና በአርማጭሆ ቆላ ለሚያርሱ ወገኖቻችን አፈሩን መንከባከብ አቀንጭራንም የመከላከያ አንዱ መንገድ ነው።

ማሳ ሲያፈራርቁ ጎመንዘርና ግብጦ ይህን ፈንገስ እንደማያስተናግዱ ያስቡ። ግብጦ ከሥሩ አሲድ አመንጭቶ ፎስፈረሱን ራሱ ይፈታል፤ ጎመንዘር ግን ማሳውን ለብቻው በያዘበት ወቅት ፈንገሱ አስጠጊ አጥቶ ይመነምናል። ስለዚህ ከጎመንዘር ቀጥሎ ሽምብራ ወይም ባቄላ ቢዘሩ መልካም ነው። ለጤፍ ደጋግሞ ማረስ ግድ ቢሆንም እርሻ ክሩን ይበጣጥሰዋልና፣ ለሽምብራና ለማሽላ ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግመው አይረሱ።