94 በመቶ ፌራይት ከሆነ ግማሹ ለምን ጠቆረ?

ጥያቄህ ገብቶኛል። 0.4 በመቶ ካርቦን ያለውን አረብ ብረት በሌቨር ሩል (የእያንዳንዱን ፌዝ ድርሻ ከፌዝ ዳያግራም በሚያሰላው ቀመር) ስታሰላው 94 በመቶው ፌራይት፣ ማለትም ካርቦን የለውም ሊባል የሚችል ብረት፣ ሆነብህ። ማይክሮስኮፕ ስር ስታየው ግን ግማሽ ያህሉ ጥቁር ነው። "የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?" ነው ያልከው።

የትም። ላብ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ስሠራ ቶሎ ቶሎ የሚመጣብኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ያሰላኸው ሌላ፣ የምታየው ሌላ ነው።

ፌዝ ዳያግራም በየሙቀቱና በየካርቦን መጠኑ የትኞቹ ፌዞች (የየራሳቸው አወቃቀር ያላቸው የብረቱ ክፍሎች) እንዳሉና መጠናቸውን ይነግርሃል። ቅርፃቸውንና አቀማመጣቸውን ግን አይነግርህም። ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ያሉት ፌዞች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ፌራይትና ሲሜንታይት (የብረትና የካርቦን ጠንካራ ውህድ)። ፐርላይት ፌዝ አይደለም! የሁለቱ ስስ ንብርብር ነው። ናሙናውን በናይታል (ናይትሪክ አሲድ በአልኮል) ካስበላኸው በኋላ ንብርብሩ በጣም ስለሚቀራረብ በትንሽ ማጉያ ለይተህ አታየውም፣ እንዳለ ጠቁሮ ነው የሚታይህ። ማጉያውን ወደ 1000 ከፍ አድርገውና እይ። ብረቱ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ከሆነ መስመሮቹ እንደ ጣት አሻራ ብቅ ይላሉ።

አሁን ዳያግራሙን አውጣና ጣትህን 0.4 ላይ አድርገህ ከላይ ወደ ታች ውረድ። 900 ዲግሪ ላይ ሁሉም ኦስቴናይት ነው፣ ካርቦኑን በውስጡ አሟሙቶ የሚይዝ የብረት ፌዝ። 800 አካባቢ ስትደርስ በኦስቴናይቱ ግሬይኖች (ጥቃቅን ክሪስታሎች) ድንበር ላይ ፌራይት መውጣት ይጀምራል። ፌራይት ካርቦን የመያዝ አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ካርቦኑን ወደቀረው ኦስቴናይት እየገፋ ያድጋል፣ ኦስቴናይቱም እያነሰ በሄደ ቁጥር ካርቦኑ እየበዛበት ይሄዳል።

727 ልትደርስ ስትል ቁም። ስሌቱን እዚህ ነው መሥራት ያለብህ። በታይ ላይኑ (በዚያ ሙቀት ሁለቱን ፌዞች በሚያገናኘው አግድም መስመር) አንድ ጫፍ 0.022 በመቶ ካርቦን ያለው ፌራይት አለ፣ በሌላው ጫፍ 0.76 ያለው ኦስቴናይት። 0.4 ሲቀነስ 0.022፣ ለ0.738 ሲካፈል 51 በመቶ ይመጣል። ያ 51 በመቶ ኦስቴናይት ነው ትንሽ ወረድ ሲል ወደ ፐርላይት የሚለወጠው። ጥቁሩ ግማሽ እሱ ነው። ቀድሞ የወጣው 49 በመቶ ፌራይት ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

94ቱስ የት ሄደ? ፐርላይቱ ራሱ 89 በመቶ ገደማው ፌራይት ነው። የ51ዱ 89 በመቶ 45 ይሆናል፣ ከ49ኙ ጋር ደምረው። ይኸው 94ህ።

መጽሐፎቹ በየሙቀቱ ክብ ስለው ውስጡን ያሳያሉ አይደል? ተማሪ ዘሎት ያልፋል እንጂ ከቁጥሩ ይልቅ እሱ ነው የሚያስተምረው። በእጅህ ሳለው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ዳያግራሙ በጣም ቀስ ብሎ ለቀዘቀዘ ብረት ነው የሚሠራው። አየር ላይ ወጥቶ ከቀዘቀዘ ፌራይቱ በቂ ጊዜ ስለማያገኝ ፐርላይቱ ከ51 በመቶ ይበልጣል። ውሃ ውስጥ ከተነከረማ ማርቴንሳይት (በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር በጣም ጠንካራ ፌዝ) ነው የምታገኘው፣ እሱን ደግሞ እዚህ ዳያግራም ላይ ብትፈልግ አታገኘውም፤ ለሱ ለውጡን ከጊዜና ከሙቀት ጋር የሚያሳየው ቲ ቲ ቲ ዳያግራም ያስፈልግሃል። ያንተ ናሙና እንዴት ነው የቀዘቀዘው፣ ምድጃ ውስጥ እንዳለ ወይስ ወጥቶ? እሱን ሳታውቅ ጥቁሩን ከ51 ጋር አታወዳድር።